የሥዕል መጽሔቶችን መጠረዝ፦ ከጎንደር የሥራ ማስታወሻ

ከመስቀል ማግስት

ዝናቡ አባራ፤ ሥራውም ተጀመረ። ፒያሳ አካባቢ ባገኘናት አንዲት ክፍል ውስጥ ስለ ዘመናዊ ሥዕልና ስለ መጽሐፍ ሥዕል የታተሙ መጽሔቶችና መጻሕፍት በካርቶን ተቆልለዋል። ከፊሉን የገዛነው ከአዲስ አበባ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ነው። ከፊሉን ውጭ አገር ያሉ ወዳጆች በሻንጣ ጥግ እየሸጎጡ አምጥተውልናል። ክረምቱን ሙሉ ሳይነኩ ነው የከረሙት። አሁን የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፦ እዚህ ከተማ ሥዕል የሚሞክሩ ልጆች ገብተው፣ በእጃቸው ገልጠው፣ እስኪጠግቡ የሚያዩበት መደርደሪያ ማቆም።

ሥዕል ስልክ ላይም ይታያል። ልጆቹም ያያሉ። ነገር ግን ስልክ ላይ ያለ ሥዕል በጣት ተገፍቶ ያልፋል። መጽሔት ግን ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይቆያል። ጎኑ ወረቀት አስቀምጠህ ትስላለህ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ከበባችሁት ትከራከራላችሁ። ይህ እንዲሆን መጽሔቱ ሳይታገል መዘርጋት አለበት፤ ብዙ እጅም መቻል አለበት። ስለዚህ የእኛ ሥራ በመጀመሪያ የጥራዝ ሥራ ነው።

ዛሬ መለየት ብቻ ነው የሠራነው። አንደኛው ክምር ስስ መጽሔቶች ናቸው። ወረቀቱ ታጥፎ መሐሉ ላይ በሽቦ ተይዟል፤ ሽቦው ዝጓል። ሁለተኛው ክምር ጀርባቸው ጠፍጣፋ የሆነ ወፋፍራም መጽሔቶች ናቸው። ገጾቻቸውን የያዘው ሙጫ ብቻ ነው። ያ ሙጫ ሲያረጅ ይደርቃል። መሐሉን ስትከፍተው ቀጭ ይልና ገጹ እጅህ ላይ ይቀራል። ሦስተኛው ክምር በክር የተሰፉ መጻሕፍት ናቸው። ጥቂት ናቸው፤ ግን አንዳቸውም አልተበተኑም። ከእኛ ዕድሜ የሚበልጡ አሉባቸው።

በዚያው ሳምንት

ከታች የነበረው ካርቶን ረጥቧል። ይህ ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ነገር ነው። የሥዕል መጽሔት የሚታተምበት አንጸባራቂ ወረቀት ላዩ ላይ ነጭ ሸክላ አፈር፣ ካኦሊን የሚባለው፣ ከማያያዣ ጋር ተቀብቷል። ቀለሙን ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ይኸው ቅብ ነው። ውሃ ሲነካው ግን ቅቡ ይለሰልሳል። ከዚያ ገጽ ከገጽ ተጣብቆ ከደረቀ በኋላ ብዙውን ጊዜ የሚለየው የለም፤ ሥዕሉ ተላጦ ነው የሚነሣው።

ስለዚህ ፍጥነት ያስፈልጋል። እርጥብ የሆኑትን ሳይደርቁ በገጾቹ መሐል ነጭ ወረቀት እያስገባን ለየናቸው። ለሁሉም ቀን ስላልበቃን የቀሩትን በላስቲክ ጠቅልለን ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ ዘንድ ወሰድናቸው። ለስላሳ የሚሸጡበት ትልቅ ፍሪዘር አላቸው። «እትዬ፣ ለጥቂት ቀን መጽሐፍ ያቀዝቅዙልን» ስላቸው «ጉድ ነው ዘንድሮ! መጽሐፍ ደሞ እንዴት ይቀዘቅዛል?» አሉ፤ ግን ቦታ ለቀቁልን። የበረደ ወረቀት አይጣበቅም፤ ሻጋታም አይሠራበትም። እየቆነጠርን እያወጣን እናደርቃለን።

ሻጋታ ያለባቸውን ደጅ አውጥተን፣ አፍና አፍንጫ ሸፍነን፣ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጠረግናቸው። ጥላ ሥር እንጂ ፀሐይ ላይ አላሰጣናቸውም። የጎንደር የመስከረም ፀሐይ ጥሩ ናት፤ ቀለምን ግን አትምርም።

በጽጌ ወር

የሽቦዎቹን መጽሔቶች ይዤ ቁስቋም አካባቢ የሚኖሩ አንድ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ሲፈቱ የሚጠርዙ ሰው ናቸው። ቀና ብለው መጽሔቱን ተቀበሉኝና ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ሥዕሉን ያዩት በኋላ ነው።

«ምንድን ነው የሚለው?»

«የሥዕል ነው የኔታ። የውጭ አገር ሠዓሊዎች ናቸው።»

«ማን ነው የሚያየው?»

«ልጆች ናቸው።»

«እንግዲያ ጠበቅ አድርገን ነዋ የምንሰፋው!»

የሰጡኝ ትምህርት ሙሉ ሥራውን ቀየረው። አንድ የሽቦ መጽሔት ማለት፣ ለሳቸው፣ አንድ ጥራዝ ብራና ነው። እጥፍ ነው፤ መሐል አለው። እንዲህ ያሉ ብዙ እጥፎችን ደራርቦ በሰንሰለት ስፌት ማያያዝ የአባቶቻችን የመጽሐፍ አሠራር ነው። የዓመቱን እትሞች ሰብስበን አንድ መጽሐፍ ማድረግ እንችላለን ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የዛገውን ሽቦ ከውስጥ በኩል በቀጭን ቢላዋ ቀና አድርገህ በእጅ ታወጣዋለህ፤ ከውጭ ከጎተትከው ወረቀቱን ይቀደዋል። የተቀደደ እጥፍ ካለ ስስ ወረቀት በስንዴ ዱቄት ሙጫ ከውስጥ ይለጠፍበታል። ከዚያ በእጥፉ ላይ አራት ቀዳዳ በወስፌ ትበሳለህ፤ ሁለት ወደ ላይ፣ ሁለት ወደ ታች። ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ክር አለው፤ በክሩ ጫፍና ጫፍ አንዳንድ መርፌ። ሁለቱ መርፌዎች ከውስጥ በየቀዳዳቸው ይወጣሉ፣ ከታች ያለውን ጥራዝ ስፌት ይይዛሉ፣ ተመልሰው ወደሚቀጥለው ጥራዝ ይገባሉ። ጀርባው ላይ እንደ ሹሩባ የሚወርድ መስመር ይሠራል። ሽፋኑ ሁለት ገበታ ነው፤ ገበታዎቹም በጠርዛቸው ተበስተው በዚያው ክር ይታሰራሉ። ጀርባው ላይ ሙጫ የለም። መጽሐፉ እስከ መሐሉ ድረስ ተዘርግቶ የሚተኛው ለዚህ ነው።

የኔታ ለብራና ጅማት ያውቃሉ። ለእኛ የመረጡልን ግን የጫማ ሰፊ ክር በሰም የታሸ ነው። ጅማት ለወረቀት ይከብዳል፤ ሰም ያልነካው ክር ደግሞ ወረቀቱን እንደ መጋዝ ይበላዋል አሉ። ገበታውን አናጢ ጎረቤታችን ከቁርጥራጭ ዋንዛ አውጥቶ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰልን።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ተሰፍቶ አልቆ ጠረጴዛ ላይ ስዘረጋው በሁለት ገጽ ላይ የተንጣለለ ሥዕል ነበር። በፊት መሐሉ እጥፉ ውስጥ ተውጦ ነበር። አሁን ሙሉው ይታያል። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

ጥቅምት መጨረሻ

የሙጫዎቹ ተራ። ይህ ክፍል ለእኔ ብዙ ውበት የለውም፤ ግን መሠራት አለበት። አሮጌውን ሙጫ አራግፈን፣ ገጾቹን በሁለት ጣውላ መሐል በሞርሳ አሰርን። ጀርባውን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ነጩን የእንጨት ኮላ መቀባት፣ ወደ ሌላው ጎን አዘንብሎ መድገም። እንዲህ ሲደረግ ኮላው በእያንዳንዱ ገጽ ጠርዝ ላይ በጥቂቱ ገባ ይላል። አንጸባራቂ ወረቀት ኮላ እምቢ ስለሚል ጀርባውን አስቀድመን በብርጭቆ ወረቀት አሻከርነው፣ በመጋዝም ጭረት ጭረት አድርገን ክር ቀበርንበት። ላዩ ላይ የአቡጀዲ ቁራጭ። አንድ ሌሊት በድንጋይ ተጭኖ ያድራል።

ኅዳር ጽዮን ሰሞን

ልጆቹ መምጣት ጀምረዋል። አንዳንዶቹ የደብረ ብርሃን ሥላሴን መላእክት በትንንሽ ቆዳ ላይ እየሣሉ ለቱሪስት የሚሸጡ ናቸው። እጃቸው በጣም የሠለጠነ ነው። ሌሎቹ ተማሪዎች ናቸው።

አንድ የማጉያ መነጽር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥን። የታተመን ሥዕል በሱ ሲያዩት ሥዕሉ ይጠፋና ነጠብጣብ ብቻ ይቀራል፦ ሰማያዊ፣ ማጀንታ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። ቀይ ያልነው ቀይ አይደለም፤ የማጀንታና የቢጫ ነጠብጣብ ጎን ለጎን ነው። ይህን ማወቅ ለሠዓሊ ይጠቅማል። ከመጽሔት ቀለም የሚቀዳ ልጅ የሚቀዳው የማተሚያ ቤቱን ቀለም መሆኑን ይረዳል።

ለዚህ ነው የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የማቲስን «ጃዝ» የተባለ መጽሐፍ ታሪክ የነገርኳቸው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1947 ፓሪስ ታተመ። ማቲስ ከባድ ሕመም ካለፈበት በኋላ በመቀስ ነበር የሚሠራው፤ ቀለም የተቀባ ወረቀት እየቆረጠ። አሳታሚው ቴሪያድ ሃያዎቹን ሥዕሎች በነጠብጣብ አላተማቸውም። ቅርጹን በስስ ብረት ላይ ቆርጦ አውጥቶ፣ ማቲስ የተጠቀመበትን ዓይነት ቀለም በእጅ አስቀባ። ከሥዕሉ ጎን ያለው ጽሑፍም የማቲስ የራሱ የእጅ ጽሑፍ ነው። እኛ ያለን በተራ ማተሚያ የወጣ እንደገና የታተመ ቅጂ ነው፤ ነጠብጣቡ ይታያል። እንዲያም ሆኖ አንዲት ተማሪ ረጅም ሰዓት ከእሱ አልተለየችም። ቀና ስትል ያለችው «እኛ ቤት ያለው ዳዊትም በእጅ ተጽፎ ሥዕል ያለበት ነው» ነው። ልክ ናት። ጽሑፍና ሥዕል በአንድ ገጽ በእጅ መሥራት ለዚህ ከተማ ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። የመጽሐፍ ሥዕል የሚባለውን ሙያ ከውጭ የመጣ አድርገን የምንቆጥረው የብራናውን ገጽ ጌጥ ሐረጉንና የብራናውን ሥዕል ረስተን ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ጎን ለጎን ማየት በአውሮፓም አዲስ ነበር። ሠዓሊዎቹ ካንዲንስኪና ፍራንዝ ማርክ እ.ኤ.አ. በ1912 ሙኒክ ላይ ያሳተሙት «ሰማያዊው ፈረሰኛ» የተባለ አልማናክ፣ ማለትም የጽሑፍና የሥዕል ስብስብ፣ የዘመኑን ሠዓሊዎች ከባቫርያ ገበሬዎች የመስታወት ሥዕል፣ ከልጆች ሥዕልና ከአፍሪካ ቅርጻ ቅርጽ ጋር በአንድ መጽሐፍ አሰለፋቸው። የእኛን መደርደሪያ ስንደረድር ይህንን ነው የተከተልነው። ስለ ጎንደር ሥዕል የተጻፉትን መጻሕፍት ለብቻ «ታሪክ» ብለን አላስቀመጥናቸውም። ከማቲስ ጎን ናቸው።

ታኅሣሥ፣ ግቢው ውስጥ

መጽሔት አንድ ነገር ይዋሻል፤ መጠንን። ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1937 የሠራው «ጌርኒካ» ሙሉ ገጽ ይዟል። ዳሊ እ.ኤ.አ. በ1931 የሠራው የቀለጡት ሰዓቶች ሥዕልም ሙሉ ገጽ ይዟል። ልጆቹ ሁለቱን እኩል ናቸው ብለው ነበር የሚያስቡት። ሜትርና ጠመኔ ይዘን ግቢ ወጣን። «ጌርኒካ» ቁመቱ 3 ሜትር ከ49፣ ርዝመቱ 7 ሜትር ከ77 ሳንቲ ሜትር ነው። ከበሩ እስከ ቧንቧው ሄደ። እሱ ውስጥ የዳሊን ሣልን፦ 24 በ33 ሳንቲ ሜትር። ከአንድ ደብተር ብዙም አይበልጥም።

ዝም ብለው ጠመኔው ላይ ቆሙ። ከዚያ ጥያቄው ጎረፈ። ይህን የሚያህል ሸራ በምን ይወጠራል? ከላይ ያለው እንዴት ይደረስበታል? በደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳና ጣሪያ ላይ የሣሉት ሰዎችስ እንዴት ደረሱ? አንዱ ልጅ የአፈወርቅ ተክሌን የአፍሪካ አዳራሽ የመስታወት ሥዕል ፎቶ ይዞ መጣ። መጽሐፉ ላይ የመዳፍ ያህል ነው፤ ሥራው ግን 150 ካሬ ሜትር ነው። ግቢያችን አልበቃውም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በእያንዳንዱ ጥራዝ ውስጥ ለዋና ዋና ሥዕሎች የአማርኛ ካርድ እንጨምራለን። የሠዓሊው ስም፣ የተሠራበት ዓመት፣ ቀለሙና የተሣለበት ነገር፣ መጠኑ፣ ዛሬ ያለበት ቦታ። አሠልቺ ሥራ ነው። እኔ ግን ከስፌቱ አሳንሼ አላየውም።

ከገና በፊት

ፈረንሳይ ያለ ወዳጄ በስልክ አንሥቶ የላከልኝን ገጾች አሳተምኩ። እነዚህን ለማየት ብዙ ጊዜ ጠብቄያለሁ።

«ሚኖቶር» የሚባል መጽሔት ነበር። አሳታሚው አልበርት ስኪራ ፓሪስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1933 ጀመረው። ከዘመኑ የሥዕል መጽሔቶች እጅግ የተዋበው ነው ቢባል አላጋነንም። የመጀመሪያውን እትም ሽፋን የሠራው ፒካሶ ነው። ሁለተኛው እትም ግን ሙሉ በሙሉ የተሰጠው ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ላቋረጠው የፈረንሳዊው የባህል ተመራማሪ የማርሴል ግሪዮል የጥናት ጉዞ ነው። ያ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1932 ወራት የቆየው የት ነው? እዚህ፣ ጎንደር። የቡድኑ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በዚያ እትም ላይ ስለ ጎንደር ዛር ጽፏል። የሽፋኑ ሥዕል ደግሞ የጋስቶን ሉዊ ሩ ነው።

ሩ ማን ነው? ቡድኑ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ ሲወስድ፣ በቦታቸው የሚተካውን ቅጂ የሣለው እሱ ነው። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም አሉ።

ይህን ለልጆቹ ሳነብላቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ስሜቴን አልደበቅኩም። የከተማችን ሥዕል በዘመናዊው የሥዕል መጽሔት ዓለም ውስጥ ከጅምሩ ነበር፤ ከተማችን ግን መጽሔቱን አላየችውም። እስካሁን ከጠየቅኳቸው የጎንደር ሠዓሊዎች አንድም ያየው አላገኘሁም። ሥዕሎቹ መመለስ አለባቸው ብዬ አምናለሁ። እስከዚያው ግን ቢያንስ ገጾቹ እዚህ መኖር አለባቸው። ፎቶዎቹን በጥሩ ወረቀት አትመን የኔታ ራሳቸው ሰፉት። ከፍሬም ውስጥ አላስገባነውም። መደርደሪያው ላይ፣ ማንም በሚደርስበት ቦታ ነው ያለው።

የኔታ ሲሰፉት ስለ አባ እንጦንስ ነገርኳቸው። ክሩን እየጎተቱ «ሰፍተን እናቆየው እንጂ፤ የሚያስመልስ ትውልድ ሲመጣ የት እንደሄደ ይወቅ» አሉ።

ከጥምቀት በፊት

ከተማው ለጥምቀት ሽር ጉድ እያለ ነው፤ እንግዳው ሳይበዛ መደርደሪያውን ጨርሰን አቆምነው። ከመስኮት ርቋል፤ ፀሐይ አያገኘውም። ከግድግዳውም ፈቀቅ ብሏል፤ እርጥበት እንዳያሳልፍ። የታችኛው እርከን ከመሬት ከፍ ያለ ነው። ትልልቆቹ መጻሕፍት በቁም አልቆሙም፤ ክብደታቸው ስፌቱን ወደ ታች ስለሚጎትተው በጎናቸው ተኝተዋል። ጓንት አንጠቀምም። ታጥቦ የደረቀ እጅ ይበቃል። በጓንት የሚገልጥ ሰው የወረቀቱን ጠርዝ ስለማይሰማው ይቀደዋል።

አሁን ጎድሎ የሚታየኝ የራሳችን ነው። ስለ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ያለን ጥቂት ገጽ ነው። ሐረር ተወልዶ፣ የብራና ሥዕል ከሚያውቁት ከአባቱ ከአለቃ ደስታ ጀምሮ፣ ኮሎኝ ድረስ ሄዶ የተማረ ሠዓሊና ገጣሚ ነው። «ጎልጎታ»ውን በትንሽ ፎቶ ብቻ ነው ያየነው። ስለ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ያለንም ከውጭ መጽሔት የተገኘ ነው። እሱን ያሳየኋቸው ቀን፣ ክታብ ሲጻፍ እያየ ያደገ አንድ ልጅ ሥዕሉ ላይ ያሉትን ዓይኖች ወዲያው ለየ። «ይኼ እኮ ጠልሰም ነው» አለ። አዎ፤ እስክንድር ከክታብና ክታብ ላይ ከሚሣለው የመጠበቂያ ሥዕል፣ ከጠልሰም፣ ወስዷል። ልጁ ማንም ሳይነግረው ነው ያወቀው። በሌላ ከተማ መጽሐፍ አንብቦ የሚደረስበትን እሱ ከቤቱ ይዞት መጣ።

ስለዚህ የሚቀጥለው ዙር ይህ ነው። አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በአለ ፈለገ ሰላም መሪነት ከተከፈተ ወዲህ ብዙ ዐውደ ርእይ ታይቷል፤ ለብዙዎቹም ትንሽ የመግለጫ ደብተር ታትሟል። ስስ ነው፤ በሽቦ የተያዘ ነው፤ ሰው እንደ ተራ ወረቀት ይጥለዋል። የዘመናዊ ሥዕላችን ማስረጃ ከዚያ ደብተር በቀር ሌላ ቦታ ላይገኝ ይችላል። ቤታችሁ ካለ አትጣሉት። መስጠት ካልፈለጋችሁ ሽፋኑን ጨምራችሁ ገጽ በገጽ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሡልን፤ ስንሰፋ ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ በየገጹ ጥግ ተራ ቁጥር በእርሳስ ጻፉበት። ሽቦው ከዛገ ደግሞ ዛሬውኑ ከውስጥ በኩል አውጡት።